በደልን ለሚያስቆም ሰው መናገር ኃጢአት አለመሆኑ

ግፍን የሚጠላ፥ የተበዳይንም ድምፅ የሚሰማ አላህ ምስጋና ይድረሰው። ጸሎትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ አንቺ ምእመን እኅት ሆይ! አብሮሽ የሚሠራ ሰው በጸያፍ ቃል አስቸገረሽ፤ እጁንም ወዳልተፈቀደለት ሰደደ። ብዙ ከታገሥሽ በኋላ ለአሠሪሽ ተናገርሽ፤ ሰውየውም ከሥራው ወጣ። አሁን ግን «የልጆቹን እንጀራ ዘጋሁ፤ የሙስሊምን ነውር ገለጥሁ» እያልሽ ራስሽን ትከሺያለሽ። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዋጃ፥ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ፥ እናቱን በገበያ፥ ሚስቱን በለቅሶ ቤት ስታገኚ ይህ ሐሳብ ይብስብሻል። እንግዲህ ነገሩን በሸሪዓ ሚዛን እንመዝነው።

አስቀድመሽ የነቢዩ ዩሱፍን (ዐለይሂ ሰላም) ታሪክ አስተውዪ። ያገለገሉበት ቤት እመቤት በሮቹን ዘግታ ለመጥፎ ሥራ ፈለገቻቸው፤ እርሳቸውም ሸሹ። ባልዋን በበሩ ላይ ባገኙት ጊዜ ቀድማ የከሰሰችው እርስዋ ነበረች። ነቢዩም ዝም አላሉም፤ ፈላጊዋ እርስዋ እንደ ነበረች ተናገሩ፤ ቀሚሳቸውም ከኋላ መቀደዱ እውነታቸውን መሰከረ። ያም ሆኖ ታሰሩ። ከዘመናት በኋላ ንጉሡ ሊያስወጣቸው በላከ ጊዜ፥ ነገሩ ይመርመር ብለው መልእክተኛውን መለሱት፤ ነገር ግን እጃቸውን ስለ ቈረጡት ሴቶች ጠየቁ እንጂ የጌታቸውን ሚስት ለይተው አላነሡም። እነሆ፥ እውነትን መናገርና ጨዋነትን መጠበቅ በአንድ ልብ አብረው ኖሩ። መናገር ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ነቢይ ባልተናገረ ነበር።

«ሐሜት ነው» ብትዪ፥ በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲቈጥሩ፥ የመጀመሪያው ተበዳይ በደሉን ሥልጣን ላለው መናገሩ ነው። ሂንድ ቢንት ዑትባም ባልዋ አቡ ሱፍያን ለእርስዋና ለልጅዋ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በነገረች ጊዜ፥ የሚበቃትን በአግባቡ እንድትወስድ ፈቀዱላት እንጂ «ባልሽን አማሽ» አላሏትም።

«የሙስሊምን ነውር መሸፈን ታዝዟል» ብትዪ፥ እውነት ነው። ሆኖም መሸፈኛው ተሳስቶ ላፈረ ሰው ነው። ሌላውን የሚጎዳ ሰው ግን ነውሩ ሲሸፈንለት ይበረታል፤ ዛሬ አንቺን ያስቸገረ ነገ ባልንጀራሽን ያስቸግራል። «አራት ምስክር የለኝም» ብትዪም፥ አራት ምስክር የሚጠየቀው በዝሙት የሚከስ ሰው ነው፤ አንቺ የተናገርሽው በራስሽ ላይ የደረሰውን ጸያፍ ቃልና ድፍረት ነው።

ዳግመኛም ጸጸትንና ኀዘኔታን ለይተሽ ዕወቂ። ጸጸት ለተሠራ ኃጢአት ነው፤ ኀዘኔታ ለተቸገረ ሰው ነው። ለልጆቹ ማዘንሽ የርኅራኄ ምልክት ነው፤ ኃጢአት እንደ ሠራሽ ግን አያስረዳም። እንጀራውን የዘጋው የገዛ እጁ ነው፤ በአላህ ዘንድም ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወንድምን በዳይም ቢሆን እንድንረዳ ባዘዙ ጊዜ፥ በዳይን መርዳት ከበደሉ መከልከል እንደ ሆነ አስረድተዋል። እንግዲህ በመናገርሽ እርሱንም ረድተሻል።

ልብሽ አሁንም ካላረፈ ሦስት ነገር ጠይቂው፦ የተናገርሁት እውነት ነውን? የነገርሁት ለሚያስቆመው ሰው ነውን? የተናገርሁት በሚያስፈልገው ልክ ነውን? ማሽላ በቁና የሚሰፍር ታማኝ ነጋዴ እንደማይጨምርና እንደማያጐድል፥ ቃልሽም እንዲሁ ከሆነ ተወቃሽ አይደለሽም። የጨመርሽው ቢኖር ያንኑ ብቻ በሰሚው ፊት አስተካክዪ፤ ስለ ቀረው አትጸጸቺ። ከእንግዲህም ነገሩን በየቤቱ አታንሺው፤ ለሰውየውም ቅን መንገድን ለምኚለት።

አንተም ሱቅና መጋዘን ያለህ ነጋዴ ሆይ! ሠራተኛህ አማና ናት። በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ እንዲህ ያለውን ትንኮሳ ለአሠሪም ለሠራተኛም ከልክሏል። አዋጁ ባይኖር እንኳ የአላህ ትእዛዝ ይበቃህ ነበር፤ በሱረቱ ኑር ዓይኑን እንዲሰብር አስቀድሞ የታዘዘው ወንድ ነውና። ስለዚህ አቤቱታ በመጣልህ ጊዜ ሁለቱንም ስማ፤ «ዘመዴ ነው፥ ጎበዝ ሻጭ ነው» ብለህ አታዳላ፤ ፍርዱንም በራስህ ስም ስጥ፤ «እርስዋ አስባረረችው» ተብሎ ሸክሙ በእርስዋ ላይ አይውደቅ።

እናንተም ሽማግሌዎች ሆይ! ራያ በሽምግልና የደም ጠብን እንኳ የሚያበርድ አገር ነው። ነገር ግን በደሉ ሳይታመን «ይቅር በዪ» ብሎ ተበዳይዋን ማጨናነቅ እርቅ አይባልም። ይቅርታ የእርስዋ ሀብት ነው፤ ብትሰጥ ምንዳ አላት፤ ብትከለክል አትወቀስም።

አላህ ሆይ! እውነትን የተናገረችውን ልብ አሳርፍ፤ የበደለውን ወደ ተውበት መልስ፤ ቤቶቻችንንና ሱቆቻችንን ከነውር ጠብቅ። አሚን።