ፍርሃትን ማስረሳት ማስተማር ነው ወይ?

ከራት በኋላ ተሰብስበን ስንከራከር አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለን። ይኸውም፦ አስተማሪ ተማሪውን ራሱን መጠበቅ እንዲረሳ አድርጎ ማሠልጠን ይገባዋል ወይ? የሚል ነው። ምሳሌውን ያገኘነው ከሩቅ አገር፣ ከአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ነው። «ይሄ ደግሞ ለኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ትንሽ ታገሡን።

ስሙ ፉትቦል ይባል እንጂ ኳሱ በአብዛኛው የሚያዘው በእጅ ነው። ከየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። በሚከላከለው ወገን ግዙፎቹ ከፊት ይደረደራሉ፤ ከነሱ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ላይንባከር የሚባሉት፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሆነው ይቆማሉ። ሥራቸው ሁለት ነው፤ ማንበብና መጣል። አሠልጣኙ መጀመሪያ የሚያስተምረው ዓይንን ነው። ኳስ ያታልላል፤ ስለዚህ ከፊት ያለውን የመስመር ተጫዋች ማየት ነው። ያ ሰው ወደ ፊት ከገፋ ሩጫ ነው፤ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ኳሱ ሊወረወር ነው፤ ወደ ጎን ከሮጠ መከተል ነው። ከዓይን ቀጥሎ እግር ይመጣል፤ ጉልበት ሸብረክ፣ እርምጃ አጠር። በመጨረሻ ግጭቱ፤ ራስ ቀና፣ ደረት ለደረት፣ በክንድ ጥምጥም።

ከዚህ ሁሉ በታች ግን ስም ያልወጣለት ሌላ ትምህርት አለ። የሰው ገላ በተፈጥሮው ከግጭት ይሸሻል። ላይንባከር ወደ ግጭቱ መሮጥን መልመድ አለበት። ታዲያ ይህ ምን ነውር አለው? አርስቶትል እንኳ ጀግንነትን በፈሪነትና በአጉል ድፍረት መካከል አስቀምጦ፣ በማድረግ የሚለመድ ነው ብሎ የለም ወይ? እኛም ብንሆን «ከመሞት መሰንበት» ብለን በተረትንበት አፍ መልሰን ያልሸሸውን እናወድሳለን።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቤር ብራያንት የሚባለው ስመ ጥር አሠልጣኝ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተማሪዎችን ጀንክሽን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰዳቸው። ድርቅ ነበር፤ ሙቀቱ ያቃጥላል። በልምምድ መካከል ውኃ መጠጣት ክልክል ሆነ። በዚያ ዘመን ውኃ መጠጣት ያልፈሰፍሳል ተብሎ ይታመን ነበርና። መቶ ያህል ሄደው ከአሥር ቀን በኋላ የቀሩት ከሠላሳ አምስት አይበልጡም ይባላል። ቡድኑ በዚያው ዓመት አንድ ጨዋታ አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ፤ በ1956 ግን የምድቡ ሻምፒዮን ሆነ። ታሪኩ ሲወራ የሚነሡት የቀሩት ናቸው። ሌሊት ሻንጣቸውን ይዘው የወጡትንስ ማን ያነሣቸዋል?

ሁለት ላይንባከሮችን እናስተያይ። ጁኒየር ሴያው 20 የውድድር ዘመን ተጫውቶ በግንቦት 2012 በ43 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በሚቀጥለው ጥር ሐኪሞች አንጎሉን መርምረው፣ ከተደጋጋሚ የራስ ምት ጋር የሚያያዘውን ሲ.ቲ.ኢ. የተባለ በሽታ እንዳገኙበት አስታወቁ። የአንድን ሰው ሞት በአንድ ምክንያት ብቻ አንፈታውም፤ ግን ዝም ብለንም አናልፈውም። ክሪስ ቦርላንድ ደግሞ በመጋቢት 2015፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ «በቃኝ፤ ለአንጎሌ እሰጋለሁ» ብሎ ገንዘቡንም ዝናውንም ትቶ ወጣ። ከሁለቱ ማንኛው ደፋር ነው? እኛ ሁለቱም ነው እንላለን። አሠልጣኞች ያስተማሩት ግን አንዱን ዓይነት ድፍረት ብቻ ነው።

«ፈቅዶ ገባ፤ ደመወዝ ይበላል፤ ምን አገባን?» የሚል ወዳጅ አለን። ፈቃድ ትልቅ ነገር መሆኑን አንክድም። ግን ፈቃዱን ማን ቀረጸው? ገና በልጅነቱ «ካመመህ ዝም በል» እየተባለ ያደገ ልጅ አዎ ሲል፣ የሚናገረው እሱ ነው ወይስ አሠልጣኙ? ፈቃድ ክብደት የሚኖረው እውነቱ ሲነገርና የመውጫው በር ያለ ውርደት ክፍት ሲሆን ነው። በቃኝ ያለውን ፈሪ ብሎ የሚያሳፍር ሰው ፈቃድ ጠየቀ አይባልም እኮ።

«ሌላ መንገድ የለም» የሚለውም አይሠራም። በዳርትመዝ ኮሌጅ ባዲ ቲቨንስ የተባለው አሠልጣኝ በ2010 ተጫዋቾቹ በልምምድ ላይ እርስ በርስ እንዳይጣጣሉ ከለከለ። የሚጥሉት አሻንጉሊት ሆነ፤ በኋላም የዚያው ኮሌጅ የምሕንድስና ተማሪዎች በርቀት የሚነዳ ተንቀሳቃሽ አሻንጉሊት ሠሩለት። ቡድኑ ተልፈሰፈሰ? በ2015 የአይቪ ሊግን ሻምፒዮንነት ከሌሎች ሁለት ጋር ተካፈለ። በ2016 የሊጉ አሠልጣኞች በሙሉ በውድድር ወቅት ልምምድ ላይ መጣጣልን ለማስቀረት ተስማሙ። ጨዋታው ያው አደገኛ ነው፤ ግን ግድ ነው ሲባል ከኖረው ውስጥ ስንቱ ልማድ ብቻ እንደ ነበር ታየ።

እንግዲህ የኛ መልስ ይህ ነው። ሁለት ዓይነት ፍርሃት አለ፤ አንዱ የሚሸነፍ፣ አንዱ የሚሰማ። እውነተኛ አስተማሪ ሁለቱን መለየት ያስተምራል፤ ሁለቱንም አፍኖ የሚያስረሳው ግን ተማሪውን ለራሱ ድል መሣሪያ አደረገው። እኛም ነገ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ አለቃ፣ ወላጅ እንሆናለን። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብለን ያደግን ሁሉ፣ ያን ቀን ለልጆቻችን ምን እንደምንላቸው ከአሁኑ ብናስብበት ምናለበት?