የእሳት ባለቤት ማነው?

ነገሩ የተጀመረው ዶርም ውስጥ ነው። የሕግ ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ለፈተና ሲያጠና ቀና አለና፣ «ሌላ ሰው ደክሞ ያገኘውን መድኃኒት ያለ ፈቃዱ መሥራት ያው ሌብነት ነው፤ የሚሞት ሰው ስላለ ሌብነት ጽድቅ አይሆንም» አለኝ። እኔ የማጠናው ፋርማሲ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተኛል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን የያዘውን መጽሐፍ ተመለከትኩት። ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ኮፒ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ጥላ እንኳ አልጠፋም። ምንም ሳልናገር ጣቴን ወደ መጽሐፉ ቀሰርኩ። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ክርክሩ ግን በሳቅ አላለቀም፤ ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነን። (ሦስተኛው የዶርማችን ልጅ፣ ምስኪን፣ ለማጥናት ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀምሯል።)

በዚህ ጽሑፍ ጓደኛዬን ላሸንፍ አልተነሣሁም። ከክርክሩ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተርፎ እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ነው። አለመስጠትና ሌላው እንዳይሰጥ መከልከል አንድ ናቸው ወይ?

በቅድሚያ የጓደኛዬን እውነት ልስጠው። በአገራችን መድኃኒት ዐዋቂ ዕውቀቱን ለማን ያወርሳል? ለአንድ ልጁ፣ ያውም ለሚወደው፣ ያውም ሊሞት ሲል። ቅጠሉን የሚቆርጠው ሰው እንዳያየው ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ነው። ታዲያ ልጁ ሳይደርስ ሞት የቀደመ እንደሆነ ሥሩም ቅጠሉም እዚያው ጫካ ውስጥ ቆሞ ይቀራል፤ ለምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ግን የለም። ስንቱ መድኃኒት እንዲህ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል! ፓተንት የሚባለው ነገር ቢያንስ ለዚህ ደዌ መድኃኒት አለው። መንግሥት ግኝቱን ላገኘው ሰው እንዲህ ይለዋል፤ «ምስጢርህን ጽፈህ ለሁሉ ግለጥ። እኔም ለተወሰነ ዘመን ካንተ ፈቃድ ውጭ ማንም እንዳይሠራው እጠብቅልሃለሁ። ዘመኑ ሲያልቅ የሁሉ ይሆናል።» ዛሬ ዘመኑ 20 ዓመት ነው። ይህ ውል ከመድኃኒት ዐዋቂው ዝምታ ይሻላል። አዲስ መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ገንዘብ እንደሚፈስበት፣ ከሚሞከረውም የሚበዛው ከንቱ ሆኖ እንደሚቀር እኛ ፋርማሲዎች በየክፍሉ የምንሰማው ነው። እዚህ ላይ አንጣላም።

ውል ግን ውል ነው፤ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። አያቴ ልጅ ሳለች በሰፈሯ ክብሪት ብርቅ ስለ ነበር እሳት ከጎረቤት እየተጫረ ይመጣ ነበር። ፍም ይዛ ስትመለስ የጎረቤቷ ምድጃ አይቀዘቅዝም። እንጀራ ቢሆን አንዱ የበላውን ሌላው አይበላውም፤ በሬም ቢሆን በአንድ ቀን ሁለት ማሳ ላይ አይጠመድም። ዕውቀት ግን እንደዚያ ፍም ነው። ስለዚህ በዕውቀት ዙሪያ የሚቆመው አጥር ሰው ለራሱ ጥቅም ያቆመው አጥር ነው፤ ሲያስፈልገው ያጠብቀዋል፣ ሲያስፈልገው ይነቅለዋል። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በመድኃኒት ፋብሪካ የታወቀችው ስዊዘርላንድ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለመድኃኒቱ ለራሱ ፓተንት አትሰጥም ነበር። ኢጣልያ እስከ 1978፣ እስፔን እስከ 1992 እንዲሁ ነበሩ። ህንድም በ1970 ባወጣችው ሕግ፣ የመድኃኒቱ አሠራር እንጂ መድኃኒቱ ራሱ ፓተንት አይያዝበትም አለች፤ አጥር በሌለበት በዚያ ሜዳ ነው ፋብሪካዎቿ ያደጉት። አውሮፓውያኑ ካደጉ በኋላ በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ትሪፕስ የሚባል ስምምነት አብሮ መጣና አጥሩ ለአባል አገሮች ሁሉ ግዴታ ሆነ። ህንድም በተሰጣት የጊዜ ገደብ መሠረት በ2005 ሕጓን ለወጠች። እንግዲህ ጓደኛዬ ሌብነት የሚለው ነገር ትናንት በነዚህ አገሮች የታወቀ የፋብሪካ ሥራ ነበር። ለመሆኑ ሌብነት በአዋጅ ቀን ተቆርጦለት የሚጀምር ኀጢአት ነው እንዴ?

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። እሳት ልትጭር ጎረቤት ሄድክ እንበል። ሰውየው በሩን ዘጋብህ። ንፉግ ነው፤ በሰፈሩ ይታማል፤ ቢሆንም ምድጃው የራሱ ነው። ወደ ሌላ ቤት ሄድክ። የዚያ ቤት ሰው ፍሙን በገል አድርጎ ሊሰጥህ እጁን ዘረጋ። ያ የመጀመሪያው እየሮጠ ደረሰና «የዚህ ሰፈር እሳት መጀመሪያ የነደደው በኔ ቤት ነው፤ አንተም አትሰጥም!» ብሎ የሰጪውን እጅ ያዘ። ልጆችህ በብርድ አደሩ። እንግዲህ በሩን መዝጋቱና እጅ መያዙ አንድ ሥራ ናቸው? ለመጀመሪያው ስም አለን፤ ንፍገት እንለዋለን። ለሁለተኛው እኔ ስም አላገኘሁለትም። ፓተንት ግን የዚህ የሁለተኛው ዐይነት ኀይል ነው። ባለቤቱን «ስጥ» ወይም «አትስጥ» አይለውም፤ ሥራው የሌላውን እጅ መያዝ ነው።

ይህ ለኔ የክፍል ጨዋታ አይደለም። እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ የአጎቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አስተማሪ ነበር፤ በፎቶግራፉ ላይ ኪሱ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ይታያል። የሞተው እኔ ሳልወለድ በ1992 ዓ.ም. የካቲት ነው፤ በፈረንጅ 2000 መሆኑ ነው። በምን ሞተ ስል «በሳንባ» እባል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው እናቴ የበሽታውን ስም የጠራችልኝ። በዚያ ዘመን ኤች አይ ቪ በቤተ ሰብ መካከል እንኳ ስሙ አይነሣም።

አጎቴ ሲታመም መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበር? ተገኝቷል እንጂ! ከ1996 ጀምሮ ሦስት መድኃኒት አቀናጅቶ መውሰድ በሽተኛውን ከሞት አፋፍ እንደሚመልሰው በሀብታም አገሮች ታይቷል። ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ነበር። በፌብሩዋሪ 2001 ሲፕላ የሚባለው የህንድ ኩባንያ ሦስቱን መድኃኒት ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በዓመት 350 ዶላር፣ ማለትም በቀን ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ ልሽጥ አለ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሙት ዓመቱን ያወጣንበት ሰሞን ነው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። 350 ዶላርም ቢሆን ለአንድ አስተማሪ የዋዛ ገንዘብ አልነበረም። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 ነው። ነገር ግን ዋጋው 10,000 ሳለ ለሚሊዮኖች ልግዛ ብሎ የሚያስብ መንግሥትም ለጋሽም አይገኝም፤ ዋጋው ሲወድቅ ነው ሐሳቡ ራሱ ሊታሰብ የቻለው። ዋጋው የወደቀውም በባለቤቶቹ ርኅራኄ አይደለም፤ ሌላ እጅ ሊሠራው ስለ ቻለ ነው።

ያንን ሌላ እጅ ለመያዝ የተደረገውን ደግሞ እንይ። ደቡብ አፍሪካ በ1997 ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት የሚያስችል ሕግ አወጣች። በ1998 የመድኃኒት ኩባንያዎች በኔልሰን ማንዴላ መንግሥት ላይ ክስ መሠረቱ፤ ከሳሾቹ 39 ኩባንያዎች ነበሩ። ዓለም ሁሉ ሲጮህባቸው በኤፕሪል 2001 ክሱን አነሡ። ሦስት ዓመት ማለት ነው። በዚሁ ትግል ውስጥ ዛኪ አክማት የሚባል ሰው ነበር፤ ራሱ ቫይረሱ በደሙ ያለበት። መድኃኒቱን ሊያገኝ ሲችል፣ በመንግሥት ሆስፒታል ለደኻው ሁሉ ካልተሰጠ አልውጥም ብሎ ማለ። በ2002 ማንዴላ ቤቱ ድረስ ሄደው መድኃኒቱን እንዲወስድ ጠየቁት፤ እሺ አላለም። መውሰድ የጀመረው በ2003 ነው። ጓደኛዬ ይህን እልከኝነት ይለዋል። እኔ ሰውየው የሚያሲዘው ሌላ ነገር ስላልነበረው ገላውን አስያዘ ብዬ ነበር የማስበው፤ ሳነበው ልቤ ሞቆ ነበር። ለእናቴ ብነግራት ግን፣ «ወንድሜ ያችን ኪኒን ቢያገኝ ኖሮ ይውጣት ነበር፤ እምቢ ቢል እኔ በግድ አስውጠው ነበር» አለች። ከርሷ ጋር አልከራከርም።

በዚያው በ2001 ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በአሜሪካ አንትራክስ ያለበት ዱቄት በደብዳቤ እየተላከ አምስት ሰዎች ሞቱ። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው የሲፕሮ ፓተንት የባየር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ዋጋውን ካልቀነሳችሁ ፓተንቱን አልፈን ከሌላ እንገዛለን ብሎ አስፈራራ፤ ዋጋው ወደ ግማሽ ግድም ወረደ። ካናዳማ ሳትጠብቅ ለሌላ ፋብሪካ አዝዛ ኋላ ነው ከባየር ጋር የታረቀችው። ክፉ ሠሩ አልልም። ሕዝቡ የፈራ መንግሥት ሌላ ምን ያድርግ? ትሪፕስ ራሱ ለዚህ ቀዳዳ አለው፤ መንግሥት ለባለቤቱ ተገቢውን ከፍሎ ሌላው እንዲሠራ የግዴታ ፈቃድ መስጠት ይችላል። በኖቬምበር 2001 ዶሃ ላይ የተሰበሰቡት አገሮችም ይህን መብት አጸኑት። የሚገርመኝ፣ ለአምስት ሰው ሞት በጥቂት ሳምንት የታየው ቀዳዳ ለሚሊዮኖች ሞት ዓመታት ሙሉ አለመታየቱ ነው።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። እኛ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የተቀመጥንበትን ጊዜ ማንም አይረሳውም። ህንድና ደቡብ አፍሪካ ወረርሽኙ እስኪያልፍ አጥሩ ለክትባቱም፣ ለመድኃኒቱም፣ ለመመርመሪያውም ይነሣ ብለው ለዓለም ንግድ ድርጅት ያመለከቱት በኦክቶበር 2 ቀን 2020 ነው። ውሳኔ የተገኘው በጁን 17 ቀን 2022፤ ያውም የክትባት ፓተንትን ብቻ የሚመለከት፣ ያውም በብዙ ቅድመ ሁኔታ የታጠረ። ከሃያ ወር በላይ መሆኑ ነው። በሽታው ቀጠሮ አይጠብቅም።

ከሁሉ የገረመኝ የሞደርና ነገር ነው። በዚያው በኦክቶበር 2020 ኩባንያው ወረርሽኙ እስካለ ድረስ በፓተንቴ ማንንም አልከስም አለ። እሰየው፣ አጥሩ ተነሣ! ግን ክትባቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ የፋብሪካው ብልሃት፣ ያ አልተገለጠም። በኬፕታውን አፍሪጀን የሚባለው ኩባንያ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ፣ ያለ ባለቤቱ እርዳታ፣ በይፋ ከወጣው መረጃ ብቻ ተነሥቶ የመጀመሪያውን የሙከራ ክትባት የሠራው በ2022 መጀመሪያ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ጓደኞቼ። ፓተንት የተሰጠው ምስጢር እንዲገለጥ ነበር። እዚህ ግን አጥሩም ምስጢሩም በአንድ እጅ ተይዘዋል፤ ያ ጎሕ ሳይቀድ ቅጠል የሚቆርጠው ሰውዬ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያውም ለዚህ ክትባት ለምርምሩና ለመጀመሪያው ግዢ የአሜሪካ መንግሥት ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎበታል፤ የመንግሥቱ ሳይንቲስቶችም አብረው ደክመውበታል። እንጨቱን ሰፈርተኛው አዋጥቶ፣ እሳቱ የአንድ ሰው ሆነ!

ጓደኛዬ እዚህ ላይ የመለሰልኝ መልስ ግን ቀላል አይደለም። በማርች 7 ቀን 2021 ቦሌ የደረሰው የመጀመሪያው ክትባት፣ 2.2 ሚሊዮን ገደማ፣ አስትራዜኔካ ፈቃድ ሰጥቶት በህንድ ሴረም ኢንስቲትዩት የተሠራ ነበር። ባለቤቱ አልከለከለም። ወዲያው ህንድ በበሽታው ስትመታ ክትባቱ ከአገር እንዳይወጣ ያዘችው፤ ከዚያ ይጠብቅ የነበረው ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። «ታዲያ ይኼም የፓተንት ጥፋት ነው?» አለኝ። አይደለም። ደግሞ ጨመረልኝ፤ በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል እንኳ አልነበረችም፤ እጅግ ደኻ ለሚባሉት አባል አገሮችም የመድኃኒት ፓተንት ግዴታው እስከ 2033 ተነሥቶላቸዋል። «የኛን እጅ ማን ያዘው?»

እውነቱን ለመናገር ደነገጥሁ። እጃችንን የያዘው የለም፤ ምድጃው ነው የሌለን። የሚበዛውን መድኃኒት ከውጭ ነው የምንገዛው። ስለዚህ የህንዱ እጅ ሲያዝ ጦሙን የሚያድረው የህንድ በሽተኛ ብቻ አይደለም። አንድ ሰፈር ሙሉ ከአንድ ምድጃ ብቻ እሳት የሚጠብቅ ከሆነ፣ የዚያ ቤት ሰው የታመመ ዕለት ሁሉም ይበርደዋል። ብዙ ምድጃ ይኑር የሚለው ሐሳብ የአጥሩን ጥያቄ አያስቀረውም፤ ለኛ ግን ከአጥሩ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለብን፤ እኔ የፋርማሲው ልጅ ደግሞ ከማንም ይልቅ አለብኝ።

ትናንት ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ ጓደኛዬ በጨለማው ውስጥ፣ «ነገ አንተ ራስህ አንድ መድኃኒት ብታገኝስ?» አለኝ። እንደምሸጠው ነገርኩት። እናቴን ማሳረፍ እፈልጋለሁ፤ ይህን ብደብቅ ግብዝ እሆናለሁ።

«ሌላው ሠርቶ ለሌለው ሊሰጥ ሲልስ? እጁን ትይዘዋለህ?»

«ፍርድ ቤት ሄጄ?»

«አዎ፣ ፍርድ ቤት ሄደህ።»

ቆየሁና፣ «አልሄድም» አልኩት።

«ኩባንያህ ጠበቃ ቀጥሮ ቢልክስ? ያ ጠበቃ እኔ ብሆንስ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን በመኻሉ አቋረጠ፤ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁት፤ ወደ ግድግዳው ዞረ።