አይጥ ያልበላችው ዕዳ

መቼም «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ሲባል ያልሰማ የለም። በመምህርነት ዘመኔ ይህን ተረት ስንቴ አብራርቻለሁ! አጥፊዋ አይጥ፣ ተበዳዩ ዳዋ። ሰሞኑን ግን ተረቱ ተገለበጠብኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ፣ ሲያትል ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ከጊንጥ መርዝ የተገኘች ክሎሮቶክሲን የምትባል ፔፕታይድ ላይ የሚያበራ ቀለም ጫኑ። ፔፕታይድ ማለት አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት ነው፤ የዚችኛዋ 36 አሚኖ አሲዶች ናቸው። ከጤነኛው ሕዋስ ይልቅ የካንሰሩን ፈልጋ ትጣበቃለች። ካንሰር እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ደም ሥር ውስጥ ሰደዷት። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ በልዩ ካሜራ ሲያዩት ግን ዕጢው ፍም መስሎ ቦግ አለ።

ይህን ሳነብ እህቴ ትዝ አለችኝ። ጡቷን የቀደደላት ሐኪም «ያየነውን ሁሉ አውጥተናል» ነበር ያለን። እውነቱን ነው። በሁለት ዓመቱ መጥቶ የወሰዳት ያልታየው ነው።

ደስ ብሎኝ ለልጇ አነበብኩላት።

«ጋሼ፣ አይጧስ?» አለችኝ።

«ምን አይጧስ?»

«በሽታውን ማን ሰጣት?»

ማን ይሰጣታል፣ እኛ ነና! ደዌው የኛ፣ ገላው የሷ።

«እናትሽ ትዳን እንጂ ሺህ አይጥ ይለቅ!» ልላት ነበር። ዛሬም እላለሁ፤ አልዋሽም። ወጥ ቤቴም ውስጥ ወጥመድ አለ። የወጥ ቤቴ አይጥ ግን ጤፌን ብላ ነው የመጣችው። ያቺኛዋ ምን በላች?

እንግዲህ «ግድ ነው» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ዕዳ የለብኝም» ማለት ሌላ። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ገና በ1959 ዕዳውን በሦስት ቃል ጽፈውታል፦ በሌላ መተካት ከቻላችሁ ተኩ፣ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ሥቃዩን አቅልሉ። ደግነቱ ያ ብርሃን ለዚህም ይረዳል። ቀድሞ የዕጢን እድገት ለመከታተል በየደረጃው አይጦች መገደል ነበረባቸው፤ አሁን አንዲቱን በሕይወት እያለች ደጋግሞ ማየት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከፔፕታይድ የተሠራ ሌላ አብሪ መድኃኒት ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ፈቀደ። ለእህቴ አልደረሰም። ለልጇ ግን ይደርስ ይሆናል፤ ለዚያች «አይጧስ?» ላለችው።

ዛሬ ክፍል ብገባ ያን ተረት እንደ ድሮው አላስተምረውም። መጀመሪያ «ለመሆኑ የበላው ማነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።