ስንቅ ማቀበልና «ለምን?» ማለት

ሰፈሬ ቃሊቲ ነውና፣ በወኅኒ ቤቱ በር ስንቅ አንጠልጥለው ወረፋ የሚጠብቁ ምእመናንን ለዓመታት አይቻለሁ። ለእስረኛ እንጀራ ማቀበልን ጽድቅ እንለዋለን፤ «ለምን ታሰረ?» ብሎ መጠየቅን ግን ፖለቲካ ነው ብለን እንሸሻለን። ይህ ክፍፍል አይዋጥልኝም።

የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ለነበሩት ለቄስ ጉዲና ቱምሳም አልተዋጠላቸውም። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለውጭ ለጋሾች በጻፈችው ደብዳቤ፣ ስብከትና ልማት መነጠል የለባቸውም፤ ሰው ሥጋም ነፍስም ነው ስትል ሞገተች።

መስቀል የያዘ እጅ ሥልጣን ሲጨብጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እፈራለሁ። ቄስ ጉዲና ግን ወንበር አልጠየቁም። በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ቢያገኙም መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አጽማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው።