ለእህቴ ልጅ፣ ስለ እንጀራው ሂሳብ

ልጄ፣ ያን ቀን የእንጀራ ንግድሽን ሂሳብ የምትይዢበትን ሶፍትዌር ስታሳዪኝ ዝም ያልኩት ንቄው አይደለም። ዕድሜውን ግምጃ ቤት የጨረሰ ሰው ቆጠራ ሲያይ አፉን ይዘጋል። እኛ ለገባው ሞዴል 19፣ ለወጣው ሞዴል 22 እንቆርጥ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ቢን ካርድ ይንጠለጠላል። ያንቺ ስልክም ያንኑ ነው የሚሠራው፣ መደመሩን ተገላገልሽ እንጂ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሶፍትዌርም ያው ነው። 120ውን 210 ብለሽ ካስገባሽው 210 እንዳለ ይከርማል።

«ከሆቴሎቹ የተመለሰውን እንጀራ ማታ አስገባዋለሁ» አልሽኝ። ማታማ ደክሞሽ ትተኚያለሽ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሾፌሩ እዚያው ሆቴሉ በር ላይ ይመዝግብ፣ ተረካቢው ፊት። ስንት እንደተመለሰ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተመለሰም አንድ ቃል ይጻፍበት፦ ደረቀ፣ ተቀደደ፣ ኮመጠጠ። ሁለት ሳምንት ሲጠራቀም ጥፋቱ ከቡሆው ይሁን ከአጫጫኑ ይለይልሻል። ጋጋሪዋን እስከዚያ አትቆጫት።

ዱቤሽ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጤፉን እጅ በእጅ እየገዛሽ እንጀራውን በወር ዱቤ ትሰጫለሽ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ማን ስንት ቀን እንዳሳለፈ የሚያሳየውን ገጽ በየሰኞው ክፈቺ። ሠላሳ ቀን ላለፈው ደውዪ፤ ስልሳ ላለፈው ደግሞ ማቅረቡን አቁሚ። ትልቅ ሆቴል ነው ብለሽ አትፈሪ፤ አንቺ ስትቀሪበት ምሳ ሰዓት ላይ የሚጨንቀው እሱን ነው።

የክፍያውን ቀንም አስተካክዪ። ውልሽ «በወሩ መጨረሻ» ይላል፤ ሆቴሉ በእኛ ወር ይቆጥራል፣ ሶፍትዌርሽ በፈረንጆቹ። ጳጉሜን ላይ ያቀረብሽው ለሶፍትዌሩ ሴፕቴምበር ነው። ዓምና ለመስከረም በዓል ስትነታረኩ የከረማችሁት የአምስት ቀን እንጀራ ከዚሁ የመጣ ነው። በየስንት ቀኑ እንደሚከፈልሽ በቁጥር አስጽፊ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የአንዱን እንጀራ ወጪ ስታሳዪኝ ጤፉ አለ፣ ወፍጮው አለ፣ መብራቱ አለ፣ የመኪናው ነዳጅም አለ። ትርፉ አማረብኝ። ታዲያ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ አብሲት የምትጥለው እህቴ የትኛው ረድፍ ላይ ነው የተጻፈችው?