የመሸበት ሰው እራት

መንገደኛ ባደረበት ቤት ጠግቦ መብላቱ ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው የሆድ ጥያቄ ስለሚመስል አንዳንዱ አንባቢ «ይኼ ደግሞ ምን ፍልስፍና አለው!» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችላል። ቆይ ወንድሜ፣ ቆይ እህቴ። በተለይ ጉዞው ወደ ባዕድ አገር ሲሆን፣ ያሳደረን ሰው በአጸፋው እኛ ቤት የማደሩ ነገር በጣም የመነመነ ነው። ብድሩን ልንመልስለት የማንችለውን ሰው ጓዳ በምን ሒሳብ ነው የምናራቁተው?

ከቃሉ እንጀምር። ዛሬ አንድ ሆቴል ገብተን ስንወጣ «መስተንግዶው ጥሩ ነው» እንላለን። ቀድሞ ግን መስተንግዶ ገበሬው ጫንቃ ላይ ከሚወድቁት ግዴታዎች የአንዱ ስም ነበር። የንጉሥ መልእክተኛ፣ ሹም፣ ወይም በንጉሥ ፈቃድ የሚጓዝ ፈረንጅ ሲያልፍ፣ የአካባቢው ገበሬ በጉን፣ እንጀራውን፣ ቅቤውንና ማሩን አምጥቶ ያስረክባል። ለእንግዳ የሚሰፈረው ቀለብ ዱርጎ ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የዞሩ አውሮፓውያን በጉዞ መጽሐፎቻቸው የቀረበላቸውን ይዘረዝራሉ፤ ሲቀርባቸውም ያማርራሉ። በጉ ከማን በረት ተጎትቶ እንደመጣ የጠየቀው ጥቂቱ ነው። እንግዲህ እዩት፤ በልግስና የታረደ በግና በትእዛዝ የታረደ በግ ወጡ አንድ ነው። ምላስ አይለየውም። የሚለየው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ነው የምፈልገው።

የምንማርበት የድሬዳዋ አገር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የአዳሪዎች አገር ነው። ባቡር ሳይመጣ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ጀልዴሳ ላይ ያርፍ ነበር፤ የቆላው ግመል ጭነቱን አራግፎ ለደጋው አጋሰስ የሚያስረክበው እዚያ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ማደሪያው ወደ አዲሱ ከተማ ዞረ። አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ከገባም በኋላ ብዙ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር፣ የጅቡቲው መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚደርሰው። ገንዘብ ያለው ሆቴል ገብቶ በሸክላ ሳህን ይበላል፤ የሌለው ስንቁን ይፈታል። እዚህ ላይ ሦስተኛ ዓይነት እራት መጣ ማለት ነው፤ የተከፈለበት እራት። የከፈለ ሰው ዕዳ የለብኝም ብሎ ይተኛል። ይተኛ፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። የእኔ ነገር ከማይከፈልበት እራት ጋር ነው።

ዋሂል ከድሬዳዋ ገጠር አራት ክላስተሮች አንዷ ናት፤ ሦስቱ አሰሊሶ፣ ቢዮ አዋሌና ጀልዴሳ ናቸው። አገሩ የማሽላና የፍየል አገር ነው፤ ዝናቡ የማይታመን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የደረሰበት ገጠር ነው፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን የሕዝብ ሥራ እየታሰበ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰፈርበት። እኛ ሦስት ሆነን በመኪና ወደ ጅቡቲ ስንሄድ መንገዳችን በደወሌ በኩል ነበር፤ ሾፌራችን ግን «የሚስቴ አጎት ቤት ሳላድር ድንበር አልሻገርም» አለና ወደ ዋሂል ይዞን ወጣ። ሲመሽ ደረስን።

ሰውየው የሾፌሩ ዘመድ እንጂ የእኛ ምናችንም አይደሉም። እሱ እስላም፣ ሁለታችን ክርስቲያኖች። አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ደግሞ ማንም ያውቃል። ሰውየው አንዱን ፍየል ለዘመዳቸው አረዱና፣ ሁለተኛውን በገመድ እየሳቡ አምጥተው ከእነ ነፍሱ ለእኛ አስረከቡን፤ «እናንተ እንደ ሥርዓታችሁ እረዱት» ብለው። በአንድ ሌሊት ሁለት ፍየል፣ በሴፍቲኔት አገር! እጃቸውን ይዘን ለመንን፤ ሾፌሩም በኦሮምኛ አስረዳልን። ከብዙ ክርክር በኋላ ፍየሉ ተመለሰ። በፈንታው በቅቤ የራሰ የማሽላ ማርቃና በቅል የሞላ ወተት መጣ፤ ቀጥሎም የቡና ገለፈት በወተት የፈላ ሆጃ። «ኛዻ! ኛዻ!» ይሉናል፤ ብሉ ማለታቸው ነው።

ጓደኛዬ ወተቱን አየ፤ ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡትን ሕፃናት አየ። «እኔ አልጠጣም፤ የእነሱን ድርሻ አልነጥቅም» አለኝ በጆሮዬ። ቅሉን ወደ ጎን ሲገፋ የሰውየው ፊት እንዴት እንደጠቆረ ብታዩ! ጓደኛዬ ጽድቅ የሠራ መስሎታል። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስከራከረው የኖርኩት እዚህ ላይ ነው።

የአብርሃም እንግዶች ታሪክ በሁለቱም ሃይማኖት አለ። በኦሪት ዘፍጥረት እንግዶቹ የቀረበላቸውን ጥጃ በሉ። በቁርኣን ግን እጃቸውን ወደ ምግቡ አልዘረጉም፤ ይኼን ጊዜ ኢብራሂም ፈራ ይላል። ለምን ይፈራል? እህሌን ያልቀመሰ ሰው ለደግ አልመጣ ይሆናል ብሎ ነዋ! አልበላም ማለት ባዶ ነገር አይደለም፤ «ከአንተ ጋር ዝምድና አልፈልግም» ተብሎ ይሰማል። ድሃውን ደግሞ የባሰ ይጎዳዋል፤ ሰጪ የሚሆንበት አንዲት ሌሊት ነበረችው፣ እሷንም ነጥቀን ተረጂ አድርገን እናሳድረዋለን።

«ታዲያ የወሎስ?» አለኝ ጓደኛዬ። መልካም ጥያቄ ነው። በ1965 ዓ.ም. ረሃብተኛው ከአዲስ አበባ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ከተሞች ምግብ ቤቶች ግን እራት መሸጥ አላቆሙም። ያን ጊዜ የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁርሳቸውን ለረሃብተኛው እንዲሆን መተዋቸውን ሁላችንም ሰምተናል። እነሱ ልክ ነበሩ፤ ጓደኛዬ ግን ልክ አልነበረም። የተማሪዎቹ ቁርስ ገና ገንዘብ ነበረ፤ ሲተውት ሌላ ሰው ዘንድ መሄድ ይችላል። የዋሂል ወተት ግን ቅል ውስጥ ገብቶ በእንግዳ ስም ተሰይሟል። ሁለተኛውን ፍየል ማስመለስና የቀረበውን ወተት መግፋት አንድ ነገር አይደሉም፤ የመጀመሪያው ከመታረዱ በፊት ነው፣ ሁለተኛው ከተሰጠ በኋላ።

ለሕፃናቱ ያዘነ ሰው ደግሞ መንገድ አለው፣ አሮጌ መንገድ። የአገራችን እንግዳ ትሪውን አይጨርስም፤ ያተርፋል፣ ትራፊው ለልጆች ነው። ሾፌራችን በዓይኑ ሲጠቅሰው ጓደኛዬ ቅሉን አነሣና ሁለቴ ተጎነጨ፤ ከዚያ ታናሿን ልጅ ጠርቶ ሰጣት። አባትየውም ሳቁ። በደንብ መብላት ማለት ይኼንንም ይጨምራል።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ሲጽፍ፣ ባዕድ ሰው በደረሰበት አገር እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው፣ እንግዳ ሆኖ የመስተናገድ መብት ግን የለውም ይላል። ይህን ያለው ከንፍገት ብቻ አይመስለኝም፤ የአውሮፓ ነጋዴዎች «ልንጎበኛችሁ መጣን» እያሉ የሰው አገር ሲቀሙ አይቷል፣ አውግዟልም። ዱርጎ የበላው ፈረንጅ ይህን አንብቦ ቢሆን ኖሮ! ትልቁ ፈላስፋ መብት አይደለም ያለውን እራት የዋሂሉ ገበሬ ማንነታችንን እንኳ ሳይጠይቁ ሰጡን። ኦሮሞው ኬሱማ፣ ሶማሌው ማርቲ፣ እኛ እንግዳ ስንል የምንጠራው አንድ ሰው ነው፤ የመሸበት።

አሁን ከላይ የፈለግሁት ነገር ጋ ደረስኩ። ዱርጎና ልግስናን የሚለየው ከእራቱ በኋላ የሚሆነው ይመስለኛል። ዱርጎ በላተኛው በነጋታው ዕዳ የለበትም፤ መብቱን ነው የበላው። እንግዳ ግን ዕዳ ይዞ ይወጣል። ድሮ ዕዳው በቀላሉ ይከፈል ነበር፤ ሲራራ ነጋዴውም ገበሬውም ለሌላ መንገደኛ የሚከፈት ደጅ ነበራቸው። እኛስ? ጠዋት ገንዘብ አዋጥተን ብንዘረጋ ሰውየው እጃችንን መለሱት፤ ሾፌሩ የገዛው ስኳር ብቻ ገባ። ከዚያ መኪና ውስጥ ክርክር ሆነ። ከተማ የመጡ እንደሆነ አልቤርጎ እንያዝላቸው አልኩ። ሾፌሩ ሳቀብኝ። «እሳቸውማ እኔ ቤት ነው የሚያድሩት። እናንተ ሌላ ሰው ፈልጉ። መናኸሪያ የመሸበት ሰው አይጠፋም» አለ።

የዶርማችን ደንብ ደግሞ የውጭ ሰው አያሳድርም፤ በረኛው ከመታወቂያ ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ጓደኛዬ ግን ዘንድሮ ከግቢ ውጪ ቤት ተከራይቷል፣ አንድ ትርፍ ፍራሽም አለው። ሽሮውን እኔ አመጣለሁ ብያለሁ።