ቀድሞ የተገኘው

በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በጥሪ ይጀምራል። «ኢምፖርት ራንደም» ይላል የመጀመሪያው መስመር። የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው ኮድ ሌላ ሰው ጽፎት ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ ጠሪው የያዘው ስሙን ብቻ ነው። የት እንዳለ አልተናገረም፣ የማን እንደሆነም አልጠቀሰም። በጥሪውና በመልሱ መካከል ያለው ፍለጋ በቅጽበት ስለሚያልቅ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ውስጥ ስለ እምነት ብዙ የሚነገር ነገር አለ ብዬ አስባለሁ።

ፍለጋው ሥርዓት አለው። ፓይተን አስቀድሞ የሚጠይቀው የራሱን ትውስታ ነው፤ ስሙን ቀድሞ ጭኖት ከሆነ ያንኑ መልሶ ይሰጣል። ካልሆነ ከራሱ ጋር ተዋሕደው የተሠሩትን ሞጁሎች (በስም የሚጠሩ የኮድ ክፍሎችን) ያያል። እዚያም ካጣ «ሲስ ፓዝ» ወደሚባለው ዝርዝር ይሄዳል። በዝርዝሩ ላይ የፎልደር አድራሻዎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። አንደኛው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ የተቀመጠበት ፎልደር ነው። ቀጥሎ ተጠቃሚው «ፓይተንፓዝ» በሚባለው ቅንብር ያስገባቸው ይመጣሉ። ከዚያ የቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ ይከተላል። ከሌሎች አምጥተን የጫንናቸው ጥቅሎች የሚያርፉበት «ሳይት ፓኬጅስ» ወደ መጨረሻው ነው።

ይህ ቅደም ተከተል የጥራት ደረጃ አይደለም። ፓይተን ስሙ የገጠመለትን ፋይል ባገኘበት ፎልደር ይቆማል፤ የቀሩትን ከፍቶ አያይም፣ የትኛው ይሻላል ብሎም አያወዳድርም። ሰው በበዛበት ግቢ በር ላይ ቆሞ «አበበ!» ብሎ የተጣራ ሰው፣ ከደጃፉ ያለው አበበ «አቤት!» ካለው መልስ አግኝቷል፤ የፈለገው ግን በጓሮ ያለውን አበበ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋውን ገና የሚማር ልጅ ይህን ሳያውቅ ይደርስበታል። ስለ ዘፈቀደ ቁጥር የሠራውን ልምምድ «ራንደም» በሚል ስም ያስቀምጠዋል፤ ከዚህ የተሻለ ስም ከወዴት ይመጣል? ፕሮግራሙን ሲያስነሣው ጥሪው ወደ መደበኛው ላይብረሪ ሳይደርስ እዚያው የራሱ ፋይል ላይ ይቀራል። ከዚህም ያለፈ ነገር አለ። አንዴ የተገኘው ፋይል በስሙ ትውስታ ውስጥ ስለሚገባ፣ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ «ራንደም»ን የሚጠሩ ሌሎች ሞጁሎችም፣ በሩቅ አገር ባለሙያ የተጻፉት ሳይቀሩ፣ የሚያገኙት የልጁን ልምምድ ነው። ቀድሞ የተገኘው ለአንድ ጠሪ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም የስሙ ባለቤት ሆነ።

ፓይተን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 እንዲህ ያለ ስህተት ሲያጋጥመው፣ ፋይሉ ከመደበኛው ላይብረሪ ሞጁል ጋር ስም መጋራቱንና ቅድሚያ ማግኘቱን ገልጾ ስሙን መቀየር እንደሚበጅ ይመክራል። ሠሪዎቹ ቅደም ተከተሉን አልነኩትም፤ ያደረጉት ሥርዓቱ የሠራውን እንዲናገር ማድረግ ነው። ይህ ውሳኔ ደስ ያሰኘኛል። የቅርቡን ማስቀደም ቸርነት አለውና። ማንም ሰው በአንድ ፎልደር ሁለት ፋይሎች ጽፎ አንዱን ከሌላው ለመጥራት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ የትም አይመዘገብም። ብዙ ሰው ትልልቅ ሥራ የጀመረው ከዚህች ነፃነት ተነሥቶ ነው።

ነገር ግን ቅርብ የሆነ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። በመጀመሪያው ፎልደር ላይ መጻፍ የሚችል ሁሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ድምፅ አለው። ቅደም ተከተሉ በሌለበት ደግሞ ሌላ መለኪያ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ፣ ኩባንያዎች ለውስጥ ሥራ ብቻ የሚገለገሉባቸውን የጥቅል ስሞች ይዞ፣ በነዚያው ስሞች የራሱን ጥቅሎች ለሁሉም ክፍት በሆኑ ማከማቻዎች እንዳስቀመጠ አስታወቀ። ኮዱ አፕልንና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ ከ35 በላይ በሆኑ ድርጅቶች ውስጥ ሠርቷል፤ ፍተሻውን ያካሄደው ድርጅቶቹ በፈቀዱት አሠራር ነበር። ለፓይተን ጥቅል የሚያመጣው «ፒፕ» በውስጥ ማከማቻው ላይ ተጨማሪ የውጭ ማከማቻ እንዲያይ ሲታዘዝ ማንኛቸውንም አያስቀድምም፤ ትልቅ የሥሪት ቁጥር ያለውን ይወስዳል። ቁጥር ማሳደግ ደግሞ ማንም የማያውቀው ሰውም ይችላል። አንዱ ሥርዓት የቀረበውን ያምናል፣ ሌላው አዲስ ነኝ ያለውን። ሁለቱም ጠሪው ማንን እንደፈለገ አያውቁም።

ይህን ሊያውቅ የሚችለው ሰው ነውና፣ የፍለጋውን መንገድ ማበጀት እንደ ጥቃቅን ሥራ መታየቱ ያሳስበኛል። «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ ፈጥኖ የሚታሰበው «ፓይተንፓዝ» ላይ አንድ አድራሻ መጨመር ነው። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ሥራው ይቀጥላል። አድራሻው በተጠቃሚው ቋሚ ቅንብር ውስጥ ከገባ ግን በዚያ ተጠቃሚ መለያ የሚነሣ ሌላ የፓይተን ፕሮግራም ሁሉ ያንን ፎልደር ከመደበኛው ላይብረሪ አስቀድሞ ይፈትሻል። ዓመት አልፎ፣ የጨመረው ሰው ሥራ ለቆም ቢሆን፣ የዚያን ቀን ጥድፊያ ዛሬ ለሚነሣው ፕሮግራም ይተርፋል።

የተሻለ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፓይተን ለየፕሮጀክቱ የራሱ የጥቅል ማረፊያ የሚያበጅ መሣሪያ ይዟል፤ የአንዱ ፍላጎት የሌላውን አይበክልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 3.11 የፕሮግራሙን ፎልደር ከዝርዝሩ ራስ ላይ የሚያስቀር አማራጭ ጨመረ። ፒፕም የጥቅሉ አሻራ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ አልጭንም እንዲል ሊታዘዝ ይችላል። እነዚህ ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ በልማድ የተያዘን እምነት ታስቦበት ወደተሰጠ እምነት ይለውጣሉ።

ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምር ሰው የመጀመሪያውን «ኢምፖርት» ባስጻፈበት ዕለት የ«ሲስ ፓዝ»ን ዝርዝር በስክሪኑ አውጥቶ ቢያሳይ እወዳለሁ። ሁለት መስመር ኮድ ይበቃል፤ የሚወጡትም ጥቂት አድራሻዎች ናቸው። እያንዳንዱን እያሳየ፣ እዚህ ፎልደር ላይ መጻፍ የሚችለው ማን ነው? ከቀጣዩስ ለምን ቀደመ? ብሎ ይጠይቅ። ዛሬ በምንሠራቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ራሳችን ከጻፍነው ይልቅ የጠራነው ይበዛል፤ ስለዚህ ማንን እንደምንጠራ መለየት የመጻፍ ችሎታው ዋና ክፍል ነው፣ ከመጀመሪያውም ቀን ሊማሩት ይገባል።